«ሃልፕ ድራይ» ስንት ሰዓት ነው?
ጀርመንኛን በአገሩ ለመማር የሄደ ተማሪ የመጀመሪያ ቀናት

ባሕር ማዶ ሄዶ መማር ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ዲግሪው ነው። ከዲግሪው በፊት ያሉት ወራት ግን፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን «ይህ ጠረጴዛ ነው፣ ይህ ወንበር ነው» የሚልባቸው ወራት፣ እምብዛም አይወራላቸውም። እነሱን ማወቅ ግን ለእኛ ለመምህራንና ለእጩ መምህራን ከማንም ይበልጥ ይጠቅመናል። ለምን እንደሆነ ወደ ማብቂያው ላይ እንመጣበታለን።

መንገዱ የቆየ ነው

ኢትዮጵያውያንና ጀርመኖች በቋንቋ ጉዳይ የተገናኙት ትናንት አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሮም ላይ ከተዋወቁት ከጀርመናዊው ምሁር ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1652 እስከ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደዋል። ሉዶልፍ ግዕዝን ያወቀው ከመጽሐፍ ነበርና የመጀመሪያ መግባቢያቸውም እሱው ግዕዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1698 የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው ከአባ ጎርጎርዮስ በተገኘው ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ያኔ እንግዳው አስተማሪ፣ ባለአገሩ ተማሪ ነበሩ ማለት ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ በላይፕዚግ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለውጭ አገር ተማሪዎች የተቋቋመውና በ1961 ሄርደር ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡትን ተማሪዎች ይቀበል ነበር። ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ተማሪው አንድ ዓመት ያህል ቋንቋውን ይማርና ከዚያ ወደተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1990 ከተዋሐዱ ወዲህ መንገዱ ተለውጧል። ዛሬ ብዙ ሰው ፊደሉን የሚጀምረው አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1962 በተከፈተው ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ነው። ያልተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ቋንቋው በር መሆኑ ነው። በጀርመንኛ የሚሰጥ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ለመማር የሄደ ሰው የቋንቋውን ፈተና ካላለፈ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ጆሮ ይታለላል

የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው ከጆሮ ነው። እኛ «ቮልስ» የምንላትን መኪና አስቡ። ጀርመኑ ስሟን «ፎልክስቫገን» ብሎ ነው የሚጠራው፤ «የሕዝብ መኪና» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ቭ» ብለን ያነበብነው ፊደል በጀርመንኛ ብዙ ጊዜ «ፍ»፣ «ው» ያልነው ደግሞ «ቭ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተቃኘ ዓይን ሲያነብ ይሳሳታል፤ አንባቢው ተሳስቶ ሲያነብ ደግሞ ሰሚው አይገባውም። ታዲያ ተማሪው «እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እነሱ ናቸው የማይሰሙኝ» ብሎ ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

ቁጥርና ሰዓት

ቀጥሎ ገበያ አለ። እኛ «ሃያ አምስት» የምንለውን ጀርመን «አምስትና ሃያ» ይላል። ሻጩ ሲናገር እየተከተለ የሚጽፍ ተማሪ መጀመሪያ አምስትን ይጽፍና 52 አድርጎት ያርፋል። በዋጋ ሲሆን ያስቃል፤ በስልክ ቁጥርና በክፍል ቁጥር ሲሆን ግን ቀን ያስመሽ ይሆናል።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «ሃልፕ ድራይ» ቃል በቃል «ግማሽ ሦስት» ነው። አዲስ ተማሪ «ሦስት ተኩል» ብሎ ይተረጉመዋል። እንዴ! ጀርመኑ ግን ሦስተኛው ሰዓት ገና ግማሽ ላይ ነው ማለቱ ነው፤ ማለትም ሁለት ተኩል። ይህም በእነሱ አቆጣጠር ነው። ቀጠሮው ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ተማሪ አንድ ቀጠሮ ለመያዝ ሁለት ስሌት መሥራት አለበት። ሳይሠራ የቀረ እንደሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዚያ አገር ደግሞ ሰዓት ማሳለፍ እንደ ንቀት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠረጴዛ ወንድ፣ በር ሴት

አማርኛ ሁለት ጾታ አለው፣ ጀርመንኛ ሦስት። ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ በር ሴት ናት፣ መስኮት ከሁለቱም አይደለም። ፀሐይን እንደኛው በሴት ይጠሯታል፤ ጨረቃ ግን ለእነሱ ወንድ ነው። «ሜድሽን»፣ ማለትም ልጃገረድ፣ ከሁለቱም ያልሆነው ሦስተኛው ጾታ ውስጥ መግባቷን ሲሰሙ ተማሪዎች ሁሉ ይስቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጀርመንኛ መጨረሻው «ሽን» የሚለው የማሳነሻ ቅጥያ የሆነ ስም ሁሉ እዚያ ይመደባል። እኛ ስናሳንስና ስናቆላምጥ «ቤቷ፣ መኪናዋ» እያልን ወደ ሴት እንደምንወስደው ያለ ነው። ጎበዝ መምህር ተማሪው ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነጾታ አመልካቹ፣ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ከሚሉት ጋር፣ እንዲይዝ ያደርገዋል።

የራሳችን ቋንቋ የሚያግዝበት

እስቲ ደግሞ መልካሙን እንመልከት። ጀርመንኛ በብዙ ቦታ ግሡን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይወስደዋል። «ዛሬ ወደ ከተማ መሄድ አለብኝ» ሲል «መሄድ» የሚለውን ቃል የሚያመጣው በስተመጨረሻ ነው። «ምክንያቱም» ብሎ የሚጀምረው ሐረግም እንዲሁ በግሥ ይዘጋል። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይጨነቃል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ግሡ እስኪመጣ መጠበቅን ከእናቱ ጋር ነው የተማረው። ችግሩ ተማሪያችን ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ በኩል አዙሮ ለመረዳት መሞከሩ ነው። አቋራጩ እያለ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል።

አክብሮትም እንደዚሁ ነው። ጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ» ብሎ አንተን ከእርስዎ ይለያል። «ዚ» ሲባል ግሡ የብዙ ቁጥር ይሆናል፤ «አባባ መጡ» እንደምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ «ዱ» ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑ፣ እንዲሁም በሌሉበት ለሚነሡ ሰው «እሳቸው» የሚል የአክብሮት ቃል አለመኖሩ ነው። ስለ ሽማግሌው ፕሮፌሰር «መጣ፣ ሄደ» ብሎ መናገር ኢትዮጵያዊውን ተማሪ ብዙ ቀን ይከብደዋል።

ዝምታው

በክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጀርመንኛ ብቻ፣ በሥዕል፣ በእጅ ምልክትና በዕቃ ያስረዳል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ውሎ ማታ ራሱን ያመዋል። በአገሩ ተከራካሪ፣ ቀልደኛ የነበረው ሰው እዚያ ዝምተኛ ይሆናል። የሚያውቅ የማይመስል፣ የደነዘዘ የሚመስል ሰው ይሆናል። ግን አልደነዘዘም፤ ከሚናገረው በላይ ይገባዋል። መስማት ከመናገር ይቀድማልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የሁለት ሰዎች ወሬ ሳያስበው ይገባዋል።

ወደ እኛ ክፍል ስንመለስ

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በጣም አገባን እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ አድርጓል። ያም ሆኖ ቤተሰቡ ከተማ ቀይሮ ሌላ ቋንቋ ወደሚነገርበት ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን አለ። ሳይንሱንና ሒሳቡን በእንግሊዝኛ መማር የሚጀምር ልጅም በየክፍሉ አለ። እነዚህ ልጆች ከአገራቸው ሳይወጡ ላይፕዚግ ናቸው። ልዩነቱ ያኛው ትልቅ ሰው መሆኑና ዕድሉን ፈልጎ መሄዱ ነው፤ ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ እነዚህን ነጥቦች ያዙ። ዝም ያለውን ልጅ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትመዝግቡት፤ ተናገር ከማለታችሁ በፊት በመጠቆም፣ በመምረጥ፣ በመሣል ይመልስላችሁ። አዲሱን ቃል በዕቃና በሥዕል አሳዩት። ልጁ ከቤቱ ያመጣው ቋንቋ ከአዲሱ ጋር የሚመሳሰልበትን ቦታ ፈልጉለት። ስሕተቱ ከየት እንደመጣም ጠይቁ፤ 25ን 52 ብሎ የጻፈው ሰው ሒሳብ አልጠፋበትም፣ የሰማውን ነው የጻፈው። ከመልሱ ጀርባ ያለውን መንገድ ሳያይ በቀይ እስክርቢቶ የሚሰርዝ መምህር ጎበዙን ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያስቀረው ይችላል።