ፀሐይ፣ የሕፃናት አጥንትና የሳንባ ምች

ልጅ ሲያስለው «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ በር መስኮቱን መዝጋትና ልጁን በፎጣ መጠቅለል በየቤታችን የኖረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት ግን ይህን ልማድ መለስ ብለን እንድናየው ያስገድደናል። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ 500 የሳንባ ምች የያዛቸውና 500 ያልያዛቸው ሕፃናት ተመረመሩ። አጥንትን የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ከታመሙት በ210ሩ ሲገኝ፣ ካልታመሙት የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነበር። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር!

ሪኬትስ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ፣ ጡንቻው የደከመ ሕፃን በደንብ ስሎ አክታውን ማውጣት ይሳነዋል። ከዚህም ሌላ የሰውነታችን መከላከያ ሕዋሳት ካቴሊሲዲን የተባለውን ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገር ለመሥራት ይህን ቫይታሚን ይጠቀማሉ።

ታዲያ ቫይታሚኑን የዋጠ ሁሉ ከጉንፋንና ከሳንባ ምች ይድናል ማለት ነውን? አይደለም። በካቡል ከተማ ከ3,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ ለግማሾቹ በየሦስት ወሩ 100,000 ዩኒት ለ18 ወራት ተሰጥቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የሳንባ ምች አልቀነሰላቸውም። በኮሮና ዘመን ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሲሯሯጥ፣ በብራዚል ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን 200,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ ተሰጠ፤ የሆስፒታል ቆይታቸው አላጠረም (2021)። በ2017 የ25 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲታይ፣ በጣም የጎደለባቸው ሰዎች በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲወስዱት የመተንፈሻ አካል ሕመም ቀንሶላቸው ነበር። በኋላ ሌሎች ጥናቶች ሲጨመሩ ግን ጥቅሙ እየሳሳ ሄደ። በእኛ አስተያየት የጎደለውን መሙላት ተገቢ ነው፤ በሞላው ላይ መደራረብ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከልክ ያለፈውም በደም ውስጥ ካልሲየም ጨምሮ ኩላሊትን ይጎዳል።

እናቶች ሆይ! ፀሐይ በመስኮት መስታወት በኩል ብትገባ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚን አትሰጥም፤ ሕፃኑ ገላው ተገልጦ ከደጅ መውጣት አለበት። «ሂጃብ ቫይታሚን ያሳጣል» ለሚሉንም መልሱ ቀላል ነው፤ እህቶች ሰው በማያይበት የግቢ አጥር ውስጥ ክንዳቸውን ገልጠው ፀሐይ መሞቅ ይችላሉ። ግቢ የሌላቸው፣ በፎቅ ቤት የሚኖሩና በአውሮፓ ክረምት ያሉ ወገኖቻችን ሐኪም ያማክሩ። የእናት ጡት በዚህ ቫይታሚን ድሃ ስለሆነ ለሚጠባ ሕፃን ሐኪሞች የሚያዙት ጠብታ በቀን 400 ዩኒት ነው።

የታመመን ልጅ ግን ፀሐይ አታድነውም። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ጊዜ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይነጋ ጤና ጣቢያ አድርሱት።