ባቡር የሌለው የባቡር መገናኛ

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን የሚወርድ መንገደኛ ከታች የሚጠብቀው ከተማ ከድሮም መገናኛ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የሚዘልቀው መንገድ ኮምቦልቻን አቋርጦ ያልፋል፤ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ አሰብ የሚያመራውም ከዚያው ይገነጠላል፡፡ አሰብ የአገሪቱ ዋነኛ ወደብ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ፣ የኮምቦልቻ ሰው የአገሩን ንግድ ሁኔታ ለማወቅ የግድ ጋዜጣ ማንበብ አይጠበቅበትም ነበር፡፡ መንገድ ዳር ተቀምጦ ተሳቢ መኪኖችን መቁጠር ይበቃው ነበር፡፡

ዛሬ በዚያው አካባቢ ሌላ የሚታይ ነገር አለ፡፡ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ ተራራው ተፈልፍሎ ዋሻ ወጥቶለታል፡፡ የጎደለው ባቡሩ ነው፡፡

ቆሞ ባቡር ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም፡፡ በሌላው ዓለም ግን ባህል ያበጀ ነገር ነው፡፡ በእንግሊዝ አገር ኢያን አለን የተባለ የምድር ባቡር ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1942 የጎታቾችን ቁጥር የያዘች አነስተኛ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ ብዙ ልጆች እርሷን ይዘው በየጣቢያው ያዩትን ቁጥር ምልክት እያደረጉ አድገዋል፡፡ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሮሼል የምትባለው ትንሽ ከተማ ደግሞ የሁለት ታላላቅ የጭነት ባቡር ኩባንያዎች መስመሮች የሚቋረጡባት በመሆኗ፣ ከመስቀለኛው አጠገብ ለተመልካቾች መናፈሻ ሠርታላቸዋለች፡፡

ለምን መገናኛ ተመረጠ ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ በአንድ መስመር ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ሂያጅና መጪ ብቻ ነው፡፡ በመገናኛ ላይ ግን የምልክቱ መብራት ሲለወጥ፣ ተንቀሳቃሹ ሐዲድ ቦታውን ሲቀይር፣ አንዱ ባቡር ቆሞ ለሌላው ሲያሳልፍ ይታያል፡፡ ማን እንደሚቀድም ማየት ለአገሪቱ ምን እንደሚቀድም ማየት ነው፡፡ የነዳጅ ፉርጎ፣ የእህል ፉርጎ፣ የኮንቴይነር ፉርጎ ተለይቶ ይቆጠራል፡፡ ባቡሩ ሞልቶ መጥቶ ባዶውን ከተመለሰ የወጪ ንግዱ ደካማ መሆኑን ለመረዳት የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፡፡

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፡፡ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ የተጠነሰሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ በየጣቢያው ከተማ እየተከለ ነው የመጣው፡፡ ድሬዳዋ የተወለደችው ከባቡሩ ነው፡፡ በአዲስ አበባም ቢሆን መስቀል አደባባይ የቆመ ሰው የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች፣ የሰሜን ደቡቡና የምሥራቅ ምዕራቡ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሲገናኙ ማየት ይችላል፡፡ አገልግሎቱ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር 41 ባቡሮች ተገዝተውለት ነበር፡፡ ኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ሲቆሙ፣ በየቀኑ የሚጠብቅና የሚቆጥር ተሳፋሪ ነገሩን ከማንም ሪፖርት በፊት ያውቀዋል፡፡

ወደ ወሎ እንመለስ፡፡ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ2004 ዓ.ም. በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሞለታል፡፡ ገንዘቡ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከተሰባሰቡ አበዳሪዎች የተገኘ ነው፡፡ የግንባታው የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው በ2007 ዓ.ም. ነበር፡፡

መስመሩ ለምን ደሴን ትቶ በኮምቦልቻ አለፈ የሚል ቅሬታ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፡፡ መልሱ የመልክዓ ምድር ነው፡፡ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፡፡ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ የጭነት ባቡር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከሁለት ሜትር በላይ ብዙም መውጣት አይወድም፡፡ መኪና የሚወጣውን ሐረጎ ባቡር ሊወጣው ቢሞክር ዙሪያ ጥምጥሙ ወጪውን በእጅጉ ያንረው ነበር፡፡ ስለዚህ ደሴ ባቡሯን ወርዳ ትቀበላለች ማለት ነው፡፡

በዕቅዱ መሠረት እውነተኛዎቹ የሐዲድ መገናኛዎች ሁለት ናቸው፡፡ አንደኛው አዋሽ ነው፤ የወሎው መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር የሚገነጠለው እዚያ ነው፡፡ ሁለተኛው ወልዲያ አጠገብ ያለችው ሐራ ገበያ ናት፡፡ እዚያ ላይ ወደ መቐለ የሚወጣው፣ በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ወደብ እንዲወርድ የታሰበውና ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሊገናኙ ነበር፡፡ ኮምቦልቻ ደግሞ መኪናና ባቡር ጭነት የሚለዋወጡባት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ዕቃውን የሚልክባት መካከለኛ ጣቢያ ትሆናለች፡፡

ይሁንና ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሥራው በአብዛኛው ከተጠናቀቀ በኋላ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በወቅቱ አልደረሰም፡፡ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፡፡ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ስታልፍ የፕሮጀክቱም ንብረት ከዘረፋና ከውድመት አልዳነም፡፡ መደበኛ አገልግሎት እስካሁን አልተጀመረም፡፡ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የእኛዋ ግን የመኖ ዕዳም አለባት፡፡

የሕግ ትምህርት የቀመሰ ሰው እዚህ ላይ ማለፍ የማይችለው ነጥብ አለ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፡፡ የውጭ ብድር በሌላ አገር ሕግ ቢመራም መርሑ ያው ነው፡፡ ባቡሩ ሄደም ቆመ ዕዳው ዕዳ ነው፤ ከፋዩም ባቡሩን አንድ ቀን ያላየው የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ጭምር ነው፡፡ በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፡፡ እንግዲህ አበዳሪው መቼ እንደሚከፈለው በጽሑፍ ካወቀ፣ ከፋዩ መቼ እንደሚሳፈር በጽሑፍ የማያውቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥያቄው የባቡሩ ፕሮጀክት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም፡፡ ለዚያ ክርክር ጊዜው አልፏል፤ ገንዘቡም ተራራ ውስጥ ገብቷል፡፡ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፡፡ የቀረው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈልግና መቼ እንደሚያልቅ የሚገልጽ አንድ ሰሌዳ በየዓመቱ እየታደሰ ኮምቦልቻ ላይ ይለጠፍ፡፡ የዓለም ባቡር ተመልካቾች የጊዜ ሰሌዳ ይዘው ነው መገናኛ ላይ የሚቆሙት፤ ባቡሩ ሲዘገይም በስንት ደቂቃ እንደዘገየ ያውቃሉ፡፡ የእኛው ተመልካች ግን መዘግየቱን የሚለካበት ሰሌዳ የለውም፡፡ ቀጠሮ ሳይሰጠው የቆየን ሰው ደግሞ ዘገየብህ ብሎ ይቅርታ እንኳ የሚጠይቀው አይኖርም፡፡