የመጀመሪያ ቤትዎን ሲያድሱ ይሉኝታን ከበር ውጭ ይተዉት

በሐዋሳ አሮጌ ቤት ገዝተው እድሳት ለመጀመር ላሰቡ ቤተሰቦች፤ ከምርመራ እስከ ርክክብ

ቁልፉን ተረክበዋል። ካርታው በስምዎ ዞሯል። የዓመታት ዕቁብ፣ የባንክ ብድርና ከእህት ከወንድም የተገኘው ተደምሮ በመጨረሻ «የራሳችን» የሚሉት ቤት አለዎት። ምናልባት አቶቴ አካባቢ ያለ የ30 ዓመት ቤት ይሆናል። ግቢው ውስጥ ማንጎና አቮካዶ አለ፤ ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ ቢጫ ቀለበት ሠርቷል፤ ወጥ ቤቱም ጓሮ ነው። የቀረው ማደስ ነው። ይኼኔ አጎትዎ ይደውላሉ፦ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ኮንትራክተር ነው። እንደ ቤተሰብ ሆኖ ይሠራላችኋል።»

ልጁ በሥራው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪዋ «እንደ ቤተሰብ» የምትለዋ ቃል ናት። እሷ ከተነገረች በኋላ ዋጋ በዝርዝር መጠየቅ አለማመን ይመስላል፤ ውል እንጻፍ ማለት ነውር፣ ደረሰኝ መጠየቅ ደግሞ ስድብ ይሆናል። ሥራው ሲጓተትና ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ቅሬታው ከተቋራጩ አልፎ አጎትዎ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ሲሚንቶና ሴራሚክ የሚያወራውን ያህል ስለ ይሉኝታም ያወራል።

ቤቱን ከጣራ እስከ መሠረት ይዩት

ቀለም ከመምረጥዎ በፊት አንድ ቀን ለምርመራ ይመድቡ። ከተቻለ በእድሳቱ ሥራ ጥቅም የሌለው መሐንዲስ ይዘው ይግቡ። የአንድ ቀን ክፍያው በኋላ ከሚያድንልዎ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በጥር 2008 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ የደረሰውን፣ መጠኑ 4.3 የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪ ያስታውሰዋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የግድግዳ ስንጥቅ በስቱኮ ተደፍኖ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ፣ በግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል። ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ በላዩ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጂፕሰሙ ራሱ ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና አልረጋም ማለት ነው።

ሳሎንና ወጥ ቤት ለመቀላቀል ግድግዳ ማፍረስ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን ጣራውን የተሸከመው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ኮለንና ቢም ያለው ቤት ከሆነ የብሎኬት ግድግዳው መከፋፈያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ከሆነ፣ ወይም ኮለን የሌለው የብሎኬት ቤት ከሆነ፣ ሊያፈርሱት ያሰቡት ግድግዳ ጣራውን ደግፎ ያቆመው ሊሆን ይችላል። የእንጨት ቤት ከሆነ ደግሞ የማዕዘን እንጨቶቹን ግርጌ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ቢላውን ያለምንም ተቃውሞ ያስገባዋል።

ወደ ሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። ከግድግዳው ግርጌ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ደግሞ መቀባት ችግሩን ለአንድ ክረምት መሸፈን ብቻ ነው። መጀመሪያ የጣራውን አሸንዳና የግቢውን የውሃ መውረጃ ያስተካክሉ። ሴፕቲክ ታንኩንም አስከፍተው ይዩት። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከግቢያችን ወደ እሱ የሰረገው እዚያው ይቀራል። ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ ለማውጣት ካሰቡ ደግሞ ከመጠጣትዎ በፊት ያስመርምሩት። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ሊበዛ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆችን ጥርስ ያበላሻል።

ፈቃድ

ቀለም መቀባትና የተሰበረ መስታወት መቀየር ሌላ ነገር ነው። ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመር፣ ሰርቪስ ቤቱን ወደ ሱቅ መለወጥ ግን ሌላ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታንም ሆነ ማሻሻያን በሕንፃ ሹም ፈቃድ ሥር አድርጓል። ስለዚህ ካርታዎንና ንድፉን ይዘው ወደ ክፍለ ከተማዎ ይሂዱና ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልገውን በወቅቱ ባለው መመሪያ መሠረት ይጠይቁ። «ጨርሰን እንነግራቸዋለን» የሚል ተቋራጭ ካጋጠመዎት፣ ሥራው ቢታገድ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ይጠይቁት።

ተቋራጩን ሲመርጡ

ቢያንስ ሦስት ሰዎች ቤቱን አይተው ዋጋ ያቅርቡልዎ። የአጎትዎ ሰው አንዱ ይሁን። ለሦስቱም የሚሰጡት የሥራ ዝርዝር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ልስኑን ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ያቀረቡትን ዋጋ እያወዳደሩ ይሳሳታሉ። ከሁሉም በጣም ያነሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ የተረሳ ሥራ አለበት። የተረሳው ደግሞ በሥራው መሃል «ይህማ አልተነጋገርንበትም» ተብሎ ይመጣል።

የታደሰ የንግድ ፈቃድ አለው? ብዙዎቹ አነስተኛ እድሳቶች የሚሠሩት የራሳቸውን ቡድን በሚመሩ ፎርማኖች ነው፤ ጥሩ ባለሙያም ከእነሱ መሃል ይገኛል። ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም ግን ከሁለት ዓመት በፊት ያደሰውን ቤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አዲስ ቀለም ሁሉንም ያሳምራል፤ ሁለት ክረምት ያለፈበት ቤት ግን እውነቱን ይናገራል። ባለቤቷን ሲያገኙ «ጥሩ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይባላሉ። «ስንት ወር አልን ብላችሁ በስንት ወር አለቀ? ከተስማማችሁበት በላይ ስንት ጨመራችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ውል መጻፍ ከባድ ሆኖ ከታየዎት ለተቋራጩ እንዲህ ይበሉት፦ «እንዳንቀያየም እንጻፈው።» ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ ዝርዝሩ ከእርስዎ ተጨማሪ ትእዛዝ እሱንም ይጠብቀዋልና።

«መታጠቢያ ቤት ማደስ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። የወለሉና የግድግዳው ሴራሚክ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ዓይነቱና መጠኑ ምንድን ነው? ቧንቧው ይቀየራል ወይስ አሮጌው ይቀጥላል? አሮጌውን ነቅሎ ፍርስራሹን ከግቢ የሚያወጣው ማን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ፍርስራሽ የሚጭን መኪና ኪራይ ግን ትንሽ አይደለም።

ዕቃውን ማን ይገዛል? «የእጅ ዋጋ» ብቻ ከተዋዋሉ ገበያ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። በዕቃው ላይ የሚጨመር ትርፍ አይኖርም፤ ግን ሲሚንቶ ባለቀ ቁጥር ከቢሮ ይጠራሉ፤ ሠራተኛው ቆሞ የዋለበት ቀንም የእርስዎ ዕዳ ነው። «ከነዕቃው» ከተዋዋሉ ድካሙ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ግን የፌሮውን ውፍረት፣ የቀለሙንና የቧንቧውን ዓይነት በውሉ ካልወሰኑ ርካሹ ይገባልዎታል። ብዙ ቤተሰብ የሚስማማው መሃሉን ነው፦ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ በተቋራጩ፤ ሴራሚክ፣ መብራትና የመታጠቢያ ዕቃ በቤቱ ባለቤት።

ዋጋ ቢጨምርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደተለወጠ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ዋጋው ቁርጥ መሆኑን፣ ወይም የትኞቹ ዕቃዎች ሲጨምሩ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ይግባ። የተጨማሪ ሥራ ዋጋም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ በሁለታችሁ ይፈረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ይጠይቃል። አጎትዎ አንዱ ምስክር ቢሆኑ ይሉኝታውም ወደ ጥቅም ይለወጣል። ይኸው ሕግ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ የ10 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። የእርስዎ ሥራ ግን ጥገና ስለሆነ፣ ለጣራው፣ ለቧንቧውና ለመብራቱ የሚሰጠውን የዋስትና ጊዜ በውሉ ላይ ለይተው ያስጽፉ።

ገንዘቡ ከሥራው ኋላ ይሂድ

ግማሹን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን የከፈለ ሰው የመጠየቅ አቅሙንም ግማሹን ሰጥቷል። ሥራው 1,000,000 ብር ነው እንበል። 200,000 ብር ለመጀመሪያ ዕቃና ለሠራተኛ ቅድሚያ ይክፈሉ። ቀሪውን በቀን ሳይሆን በሥራ ይከፋፍሉት፦ ጣራው አልቆ ውሃ ሲሞከር፣ የቧንቧና የመብራት መስመር ገብቶ ሲፈተሽ፣ ልስንና ሴራሚክ ሲያልቅ። የመጨረሻውን 100,000 ብር ደግሞ ከርክክብ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይያዙት። ተቋራጩ በሩ በክረምት አብጦ አልዘጋ ሲል ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ይህ ገንዘብ ነው። በየጊዜው የከፈሉትን በባንክ ያስተላልፉ፤ በእጅ ከሰጡ ያስፈርሙ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ከበጀትዎ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ለማንም ያልተነገረ ገንዘብ ይኑርዎ። አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ያወጣል።

የማይታየው ይቅደም

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ማፍረስ፣ ጣራ፣ የግድግዳና የመሠረት ጥገና፣ ቧንቧና የመብራት መስመር፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ ቀለም። የጣራ ሥራ ከበልግ ዝናብ በፊት እንዲያልቅ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይጀምሩ።

ልስን ከመደረጉ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ቧንቧና ሽቦ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ሲበሱ ይጠቅምዎታል። ቧንቧው በግፊት ይሞከር። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ማፍሰሻው ተደፍኖ ለ24 ሰዓት ውሃ ይያዝበት፤ በማግስቱ ውሃው ከጎደለ የሚሰርግበት አለ። አዲስ አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ሴራሚክ ከሚለካው ላይ 10 በመቶ ጨምረው በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ በኋላ የሚመጣው ካርቶን ቀለሙ ላይመሳሰል ይችላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ እንጀራ መጋገር ብዙ ቤት ውስጥ የተለመደ፣ ለእሳት አደጋም የሚያጋልጥ ነገር ነው።

ቤተሰቡ የት ይኑር?

የኪራይ ወጪ ለመቆጠብ በእድሳቱ መሃል ቤቱ ውስጥ መኖር የሚመርጡ አሉ። የሚቻለው ቢያንስ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ መጸዳጃና ቡና የሚፈላበት ጥግ ሳይነካ ሲቆይ ነው። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ የሲሚንቶና የጂፕሰም አቧራ ስለማይስማማቸው ለማፍረሻውና ለልስኑ ሳምንታት ዘመድ ጋ ያሳርፏቸው። ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ፤ ሥራው ስንት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያቆም ይወስኑ። ከተቋራጩ ጋር የሚነጋገር ሰው ከቤቱ አንድ ብቻ ይሁን። ባል ጠዋት ያዘዘውን ሚስት ማታ ስትቀይረው የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው።

ርክክብ

በመጨረሻው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በቀን ብርሃን ይግቡ። እያንዳንዱን በርና መስኮት ከፍተው ይዝጉ። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፤ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሴራሚኩን በሳንቲም ቆርቆር ያድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ በደንብ አልተሞላም። ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሰው ወደ ማፍሰሻው መሄዱን ይዩ። ያገኙትን ጉድለት ጽፈው የሚያልቅበትን ቀን ያስቀምጡና ሁለታችሁ ፈርሙበት። ጉድለቱ ተስተካክሎ ካዩ በኋላ ርክክቡን ይፈርሙ። ለቤት ምረቃው ቡና ግን ተቋራጩንም ሠራተኞቹንም ይጥሩ፤ በጽሑፍ የተስማሙ ሰዎች ያን ቀን ፊት ለፊት ለመተያየት አያፍሩም።