ልዩ ጸሐፊና ቁጡ አለቃ



ከመሥሪያ ቤት ሥራዎች መካከል ከውጭ ሲያዩት የሚያስቀና፣ ገብተው ሲሠሩት ግን ትዕግሥትን የሚፈትን ልዩ ጸሐፊነት ነው። ልዩ ጸሐፊ የአለቃውን ደብዳቤ ያዘጋጃል፣ ቀጠሮውን ይይዛል፣ ባለጉዳዩን ያስተናግዳል፣ ምስጢሩን ይጠብቃል። አለቃው ቁጡ የሆነ እንደሆነ ይህ ሁሉ እንዴት ይከናወናል? ለዚህ በዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን፤ ዘመኑ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ከ1940 እስከ 1945 በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ጠዋት በአልጋቸው ላይ እንዳሉ፣ ማታም እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ቃላቸውን ያጽፉ ነበር። ጩኸት ስለማይወዱ ጸሐፊዎቻቸው የሚጠቀሙት ድምፁ ዝቅ ባለ የጽሕፈት መኪና ነበር። አስቸኳይ በሆነውም ወረቀት ላይ «ዛሬውኑ ይፈጸም» የሚል ቀይ ምልክት ይለጠፍበት ነበር።

አንድ ጊዜ ካትሊን ሂል የተባለችውን ጸሐፊያቸውን «ክሎፕ አምጪልኝ» ብለው አዘዟት። እርሷም ክሎፕ የተባለው የጀርመን የታሪክ ሊቅ የጻፋቸውን ብዙ ቅጽ መጻሕፍት ተሸክማ መጣች። እርሳቸው ግን የፈለጉት የወረቀት መብሻውን ነበር። እንግዲህ የጸሐፊ የመጀመሪያው ትምህርት የአለቃውን አነጋገርና ልማድ ማጥናት ነው፤ ያልገባውንም ከመገመት ይልቅ መጠየቅ ይሻለዋል።

በ1941 ሥራ የጀመረችው ወይዘሪት ኤልሳቤጥ ሌይተን ደግሞ መስመሮቹን አራርቃ መጻፍ ሲገባት አቀራርባ በመጻፏ ተሰድባ ከፊታቸው ተባረረች። ሆኖም ሥራዋን አልተወችም፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አብራቸው አገለገለች። ተግሣጽን በሥራው ላይ የመጣ እንጂ በራስ ላይ የመጣ አድርጎ አለመቍጠር ለመጽናት ይረዳል።

ነገር ግን መታገሥ ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳይ በወደቀችበት በ1940 በሰኔ ወር ባለቤታቸው ወይዘሮ ክሌመንታይን አንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። መጀመሪያ የጻፉትን ቀድደው እንደገና የጻፉት ነበር። ጠባያቸው ሻካራ መሆኑን፣ ልዩ ጸሐፊዎቻቸውም እንደ ተማሪ ልጆች ቍጣውን ተቀብለው ትከሻቸውን እየነቀነቁ እንደሚወጡ ገለጹላቸው። የሰውን አሳብ የሚንቁ ከሆነም ክፉም ሆነ በጎ አሳብ የሚያቀርብላቸው እንደማይገኝ አስጠነቀቋቸው።

አንባቢ ሆይ፤ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በመሥሪያ ቤት ውስጥ የነገሠ እንደሆነ፣ ጸሐፊው በደብዳቤው ላይ ስሕተት እያየ ፈርቶ ዝም ይላል፤ አለቃውም ሳያውቅ ይፈርማል፤ የሚጎዳው ግን ደጅ ሲጠና የሚውለው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እውነቱን ሰው በሌለበት፣ ከመፈረሙ በፊት፣ ማስረጃውን በእጁ ይዞ፣ በአጭርና በትሕትና ይናገር። ባለጉዳይ ፊት የተነገረ እርማት አለቃን ያዋርዳል፤ ከተፈረመ በኋላ የመጣ ምክርም ጸጸት ብቻ ነው።

አለቃም የሆናችሁ፣ ጸሐፊያችሁ ስሕተታችሁን ከነገራችሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቍጠሩ። ከረጅም ጊዜ ወዲህ አልነገራችሁ እንደሆነ፣ ስሕተታችሁ ያለቀ አይምሰላችሁ፤ ምናልባት ያለቀው የጸሐፊያችሁ ድፍረት ነው።