የደብረ ብርሃን ውርጭና የከሰል ፍም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በበጋ ወራት ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ለቁጥጥር፣ ለስብሰባና ለልዩ ልዩ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ወደ ደጋ ከተሞች ይላካሉ። ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ወረቀትና ውሎ አበል አስቀድመን እናሰናዳለን፤ ለብርዱ የሚሰናዳው ግን ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ባለፈው ታኅሣሥ አጋማሽ በደብረ ብርሃን ከተማ አምስት ቀን ሰንብቼ ካየሁት ውስጥ ለሥራ ጓደኞቼ ይጠቅማል ያልኩትን በአንባብያን ዐምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ብዙዎቻችን ብርድን የምናውቀው ከዝናብ ጋር ነው። ሐምሌ ሲገባ ካፖርቱም ጃንጥላውም ከያለበት ይወጣል፤ መስከረም ሲጠባ ተመልሶ ይሰቀላል። የፈረንጆች ክረምት በእኛ በጋ ላይ የሚውል በመሆኑም፣ በታኅሣሥ ውሃ የሚረጋው በባሕር ማዶ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን የአገራችን ደጋ የሌሊት ብርዱ የሚበረታው ሰማዩ በጠራበት፣ ቀኑም ብሩህ በሆነበት በዚሁ የበጋ ወቅት ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ15ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻ ከተማቸው አደረጓት፤ ስሟም በዘመኑ በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲም ፋብሪካዎችም ያሏት፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ የሚያቋርጣት ሰፊ ከተማ ሆናለች። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመው በዚህች ከተማ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርዱም በጉም እዚያው ናቸውና።

በደረስኩ ማግስት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ በሬሳ ወንዝ ወረድ ብዬ ነበር። የሜዳው ሣር በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ከመንገዱ ዳር በተቋጠረ ውሃ ላይ እንደ መስተዋት የሳሳ በረዶ ተጋግሯል። የጋሪ ፈረሶች ከአፍንጫቸው የሚያወጡት እስትንፋስ ከሩቅ ለተመለከተው ጭስ ይመስላል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐይዋ በረታችና አመዳዩ ወደ ጤዛ ተለወጠ፤ ስድስት ሰዓት ላይ እኔም ካፖርቴን አውልቄ በክንዴ ይዤ እሄድ ነበር። እንግዳን የሚያታልለው ይኸው ነው። ቀኑን አይቶ ሌሊቱንም እንደዚያው ይገምታል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው በላይዋ እንደ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ሙቀቱን ያስቀርላታል፤ በበጋ ግን ሰማዩ ባዶ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። በዚህ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ስለዚህ በሜዳው ላይ በአንዳንድ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የአካባቢው ባላገር ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለበትን ማታ የሚፈራው፣ ውርጭ ያልደረሰ ገብሱንና ባቄላውን እንደሚለበልብበት ስለሚያውቅ ነው።

የአገሩ ሰው ከዚህ ብርድ ጋር ለመኖር የራሱ ዘዴ አለው። ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ገብሱን ቆሎም በሶም አድርጎ ይመገባል። ከሁሉ በላይ ግን የሚተማመነው በሱፉ ነው። በመንዝ ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ባና የሚባለው ወፍራም ልብስም ከዚሁ ይወጣል። ባና ሰውን የሚያሞቀው ሙቀት ስለሚሰጠው አይደለም፤ የገዛ ገላው ያፈራውን ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚይዝለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ ብረትና መስተዋት፣ አልጋውም አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ የተነጠፈበት ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አሳላፊ ፍም የሞላበት የከሰል ማንደጃ ይዞ መጣና ከአልጋዬ አጠገብ አስቀመጠ። መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ወተፈ።

«ይህ ነገር አይጎዳም ወይ?» ብለው፣

«ኧረ ጋሼ፣ ፍሙ ጠርቷል እኮ፤ ጭስ የለውም፤ አያስቡ፤» አለኝ።

መልሶ እንዲያወጣው አዘዝኩት። ይህን በበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ፣ «ደግ አደረግህ ልጄ፤ እሳት ከሰው ጋር አይተኛም፤» አሉና ከጎጇቸው አንድ አሮጌ ባና አምጥተው ደረቡልኝ። ሌሊቱንም በደኅና አደርኩ።

ልጁ የተናገረው በክፋት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያምነውን ነው የተናገረው። ነገር ግን አደጋው ያለው በትክክል በዚያ ንግግር ውስጥ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ጭስ ቢሆን ዐይን አቃጥሎ፣ አስስሎ ሰውን ያስነሣ ነበር፤ ይህ ግን ምንም ሳያስታውቅ በሳንባ ገብቶ፣ በደም ውስጥ ኦክስጂን ሊይዝ የሚገባውን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሳይለይ እንዳሸለበ ሊቀር ይችላል። ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ፍሙም ሲጠራ መርዙ አብሮት አለ።

የደጋው ከፍታም ነገሩን ያብሰዋል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ሰው ከመጀመሪያውም የሚያገኘው ኦክስጂን አነስተኛ ስለሆነ፣ መርዙ የቀረችውን ሲሻማው ጉዳቱ ይፈጥናል።

«አባቶቻችን በእሳት ዳር አልተኙም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአባቶቻችን ቤት ግን ሣር ክዳን ነበር፤ ጭሱም ሌላውም በክዳኑ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር። ያም ሆኖ ጭሱ ዐይናቸውንና ሳንባቸውን ሳይጎዳ አልቀረም። እኛ ቤቱን ለውጠን በሲሚንቶ፣ በመስተዋትና በኮርኒስ ደፍነነዋል፤ ማንደጃውን ግን ሳንለውጥ ይዘነው ገባን። ልማዱ የቆየ ቢሆንም ቤቱ አዲስ ስለሆነ፣ ትናንት የማይገድለው ዛሬ ይገድላል።

እንግዲህ ወደ ደጋ የሚሄድ ሁሉ የሚከተለውን ቢያስብ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሱፍ ይያዝ፤ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት መደራረብ ይሻላል፤ እግርንና ራስንም መሸፈን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አሞቀኝ ብሎ በአረቄ አይታመን። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ፣ የገላን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያባክን ነው። ሦስተኛ፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ አያስገባ፤ በመኝታ ሰዓት ፍሙ በአመድ ቢዳፈንም እንኳ ከቤት መውጣት አለበት። አራተኛ፣ ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት የተሰማው ሰው መኝታ አይፈልግ፤ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሌሎቹንም ያውጣ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ይሂድ።

ለኃላፊዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ቁልቁል ቢወረድ፣ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቆላው ሸዋ ሮቢት ይደረሳል። በሁለቱም ከተሞች ያየኋቸው አዳዲስ ቤቶች ግን በአንድ ዐይነት ብሎኬትና በአንድ ዐይነት ቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ለቆላ የሚሆን ቤት ለውርጭ አገር እንዴት ይሆናል? ለደጋ ከተማ የሚነደፍ ቤት የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት፣ ሙቀት የሚይዝ ግድግዳና ጣራ፣ አየር የሚለዋወጥበትም ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የከተማ አስተዳደሮችም፣ ማረፊያ ቤቶች ለእያንዳንዱ አልጋ በቂ የሱፍ ብርድ ልብስ እንዲያኖሩና ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል እንዳያስገቡ ቢቆጣጠሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

እኛ በውሎ አበል የምንሄደው ጥቂት ሌሊት አድረን እንመለሳለን። በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ግን ወቅቱን ሁሉ እዚያው ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታትም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖች በዚህችው ከተማ በመጠለያ አድረዋል። ብርድ ልብስ የሌለው ሰው ከሰል ቢያስገባ ሊወቀስ አይገባውም፤ ሌላ ምርጫ ሳይሰጡ «አታንድድ» ማለት ምክር አይሆንም። ስለዚህ ትርፍ ብርድ ልብስ ያለን ሁሉ፣ ውርጩ ከመውረዱ በፊት በጥቅምት ብንልክ በታኅሣሥ ከማዘን ያድነናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ