ሰው ለሰው እንደሚያስፈልገው

የይፋት ቈላ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ፥ ወፍ ጠብቆና አጭዶ ወደ ጎተራው ሲያስገባ፥ እንጀራውን በገዛ እጁ ብቻ ያገኘው ይመስለዋል። ነገር ግን ማረሻውን ቀጥቃጭ ሠራለት፤ ምጣዱን ሸክላ ሠሪ አበጀችለት፤ ልብሱን ሸማኔ ሸመነለት። በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው እንኳ ከአፋር በረሓ በግመል ተጭኖ ይመጣለት ነበር።

ይህን ነገር አጥርተው ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ የሰሜን አፍሪካው ኢብን ኻልዱን ነው። እርሱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1332 ዓመት በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ ሞተ። በታሪክ መጽሐፉም የጥንቱን የይፋት ነገሥታት የወላስማዎችን ነገር አንሥቷል። በ1377 በጻፈው መቅድም እንዳስረዳው፥ ሰው የአንድ ቀን ምግቡን እንኳ ብቻውን ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ብዙዎች ሲተባበሩ ግን ከራሳቸው ተርፎ ለሌላ የሚበቃ ያገኛሉ።

ይኸው ሊቅ ሁለተኛ ነገር ይጨምራል። በሰው ባሕርይ የባልንጀራን ገንዘብ የመንጠቅ ምኞት ስላለ፥ ከልካይ ዳኛ ከሌለ ማኅበር አይጸናም። የዚህም ምሳሌ በሸዋ ሮቢት የመስኖ ውኃ ነው። የላይኛው ገበሬ ወንዙን ሁሉ ወደ ማሳው ቢመልሰው፥ የታችኛው አዝመራ ይደርቃል፤ ጠብም ይነሣል። ተራ ቢደለደልና ተራውን የሚያስከብር ቢኖር ግን ሁለቱም ያመርታሉ።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ተራ መጠበቅ የደካማ ሥራ አይደለም። ዛሬ የታችኛውን የሚያስጠማ ሰው፥ ነገ እርሱ ሲቸገር የሚደርስለት ጎረቤት ያጣል።