ያውቁ ኖሯል? የዋግ የዕጣን ዛፍ
ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ፣ በአበርገሌ ወገን የሚገኘው የዕጣን ዛፍ፣ ሙጫው በቤተ መቅደስ ለጸሎተ ዕጣን፣ በየቤቱም ራሱን ለታመመና ትኩሳት ለያዘው መታጠኛ መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ፈዋሹ ራሱ ሕሙም ሆኗል። ልጡ ያለ ዕረፍት በስለት ሲቆስል ለዘር ሊያውለው የሚገባውን ኃይል በሙጫ ያፈሰዋልና፣ በኤርትራ በተደረገ ምርምር ካልቆሰሉት ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ዘወትር ከሚቆስሉት ከ16 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ የበቀለውንም ከብትና እሳት ይፈጁታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን ያጠቃለለ ጥናት፣ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በእኩሌታ እንደሚያንስ ተንብዮአል።